ቀይ ያላየ ቴስት

«ሁሉም አልፏል» አለችና ላፕቶፗን ወደ መምህሯ አዞረችው። ስክሪኑ ላይ የተደረደሩት መስመሮች ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ናቸው። መምህሯ ለጥቂት ጊዜ ተመለከታቸው። ከዚያ ምንም ሳይናገር የሰንጠረዦቹን አሠራር ከፍቶ አንድ መስመር አጠፋ፤ የበሽተኛ ካርድ ሳይኖር የመድኃኒት ማዘዣ እንዳይመዘገብ የሚከለክለውን።

«በይ አሁን አስኪጂው።»

አስኬደችው። አሁንም ሁሉም አረንጓዴ።

«ምን ማለት ነው ይኼ?»

«ቴስቶችሽ ዳታቤዙን አያውቁትም ማለት ነው።»

ነሐሴ ነው፣ ደብረ ታቦር። ጉና ላይ የከረመው ጉም እስከ ከተማው ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቆርቆሮ ጣሪያ ሸፍኖታል። ቡሄ ስለቀረበ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ማጮህ ጀምረዋል። ልጅቱ ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመርቃ ለአንድ የግል ክሊኒክ የካርድና የመድኃኒት ቤት ሲስተም እየሠራች ነው። ኢንስቲትዩቱ ስሙን የወረሰው ከከተማው አጠገብ ካለችው ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው፣ ከከሸፉ ሙከራዎች በኋላ፣ በ1859 ዓ.ም. ገደማ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት። የዛሬው ሥራ ግን ብረት አይቀልጥበትም። ቴስቶቹን፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትኑትን አጫጭር ፕሮግራሞች፣ የጻፈው ሰው ሰራሽ አስተውሎት ነው፤ ልጅቱ የጻፈችው መመሪያውን ብቻ ነው።

ይህ ዘገባ ስለዚያ መመሪያ ነው። አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ነው፤ ልክ መሆኑን ማወቅ ግን ኮዱን ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ወስዷል።

የኮድ ረዳቶች ነገር ለብዙ አንባቢ አዲስ ላይሆን ይችላል። ጊትሃብ ኮፓይለት በ2021 እ.ኤ.አ. ለሙከራ ሲወጣ የተጀመረን መስመር ይጨርስ ነበር። እንደ ክሎድ ኮድ ያሉት በ2025 የመጡት ደግሞ ፋይል ከፍተው ያነባሉ፣ ኮድ ይጽፋሉ፣ ቴስት ያስኬዳሉ፣ ሲወድቅም አርመው ደግመው ይሞክራሉ። ትናንት የተነገራቸውን ግን በራሳቸው ዛሬ ሁልጊዜ አያስታውሱም። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ከኮዱ ጎን ቋሚ የመመሪያ ፋይል ያስቀምጣል፤ ረዳቱ ሥራ በጀመረ ቁጥር መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። ክሎድ ኤምዲ፣ ኤጀንትስ ኤምዲ የሚባሉት ፋይሎች እነዚህ ናቸው።

የልጅቱ ፋይል ስለ ዳታቤዝ ቴስት ከሚላቸው መካከል እነዚህ ነበሩበት፦ «ሁልጊዜ ጥራት ያለው ቴስት ጻፍ»፣ «ያልተለመዱ ሁኔታዎችን አትዘንጋ»፣ «ቴስቶቹ ፈጣን ይሁኑ»፣ «እያንዳንዱን ቴስት ትራንዛክሽን ውስጥ አስገብተህ ሲያልቅ ሁሉንም ሰርዝ»። ሲነበብ ደስ ይላል። ልምድ ያለው አለቃ ለአዲስ ቅጥር የሚለው ይመስላል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ መመሪያን አንብቦ «ጥሩ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ጥሩ የሚመስለው ደግሞ ጸሐፊውም አንባቢውም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ስላነበቡ ነው።

«ፈጣን ይሁኑ» የምትለዋን ረዳቱ በደንብ ፈጽሟታል። ክሊኒኩ የሚሠራው ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ሆኖ ሳለ ቴስቶቹን በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ላይ በሚፈጠር ኤስኪውላይት ላይ አስኬዳቸው። ኤስኪውላይት ምርጥ ዳታቤዝ ነው፤ በየስልኩ ውስጥ ያለ። ነገር ግን አንዱ ሰንጠረዥ ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚጠብቀው ግዴታ፣ ፎሪን ኪይ የሚባለው፣ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር በተገናኘ ቁጥር ካልታዘዘ በስተቀር አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። «ስም ከ50 ፊደል አይብለጥ» ቢባልም 500 ፊደል ያለ ቅሬታ ይቀበላል። ፖስትግሬስ ሁለቱንም እምቢ ይላል። እንግዲህ ቴስቶቹ ክሊኒኩ ውስጥ የሌለን ዳታቤዝ ሲፈትኑ ነበር።

መምህሩ ያደረገው ነገር ስም አለው፤ ሚውቴሽን ቴስቲንግ። ሪቻርድ ሊፕተን የተባለ ሰው ገና ተማሪ ሳለ በ1971 እ.ኤ.አ. ያነሣው ሐሳብ ነው፤ በ1978 ከዴሚሎና ከሴይዋርድ ጋር ሆኖ በሰፊው አሳተመው። ሐሳቡ አጭር ነው። ኮዱን ሆን ብለህ አበላሽ፣ ከዚያ ቴስቱ ይጮህ እንደሆነ ተመልከት። ካልጮኸ ቴስቱ ዘበኛ አይደለም። ያኔ ኮምፒውተር ውድ ስለነበር ዘዴው ለብዙ ዓመታት በምርምር ክፍሎች ተወስኖ ቆይቷል። ዛሬ ቴስት በደቂቃ የሚያመርት ማሽን ሲመጣ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከሌሎቹ የምዘና ዘዴዎች ሁሉ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። የአረንጓዴ መስመር ብዛት ዋጋው ወርዷልና።

መምህሩና ልጅቱ መመሪያውን የመዘኑትም በዚሁ መንገድ ነው። የሲስተሙን ቅጂ ወስደው የሚያውቋቸውን ስሕተቶች አንድ በአንድ ቀበሩበት። ረዳቱን በአዲስ ክፍለ ጊዜ ከፍተው ቴስት እንዲጽፍ አዘዙት፤ አንዴ መመሪያው ኖሮ፣ አንዴ ሳይኖር። እሱ የጻፈውን ቴስት በተበላሸው ቅጂ ላይ አስኬዱ። ይህንንም ደጋገሙት፤ ምክንያቱም ረዳቱ ለአንድ ዓይነት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። አንዴ ስለተሳካ ብቻ መመሪያው ሠራ ማለት አይቻልም። ከመመሪያው አንዱን መስመር ሲያነሡ ውጤቱ ካልተለወጠ መስመሩ ሥራ የለውም ማለት ነው። «ጥራት ያለው ቴስት ጻፍ» የተሰናበተችው እንዲህ ነው፤ ብትኖርም ባትኖርም አንድ ናት። «ያልተለመዱ ሁኔታዎችን አትዘንጋ» ተከተለቻት። ለጌጥ የተቀመጠ መስመር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የረዳቱን ትኩረት ከሚጠቅመው መስመር ይሻማል።

ዓለም አቀፉ ምዘናም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ስዊ ቤንች ከ12 የፓይተን ፕሮጀክቶች የተሰበሰቡ 2,294 እውነተኛ ችግሮችን ለረዳቶች ይሰጣል፣ መልሱንም በቴስት ያረጋግጣል። በየወሩ «እገሌ ይህን ያህል በመቶ አመጣ» ሲባል የምንሰማው ከእንዲህ ያለ ምዘና ነው። ውጤቱ ረዳቱን ይለካል እንጂ አንቺ የጻፍሽለትን ገጽ አይለካም። የደብረ ታቦር ክሊኒክም በ2,294ቱ ውስጥ የለም።

ከመመሪያው መስመሮች ብዙ ያከራከረችው ግን ማንም ባለሙያ ቢሆን ትክክል ናት የሚላት ነች፤ ቴስቱን ትራንዛክሽን ውስጥ አስገብቶ ሲያልቅ ሁሉንም መሰረዝ። ትራንዛክሽን ማለት አንድ ላይ የሚጸድቁ ወይም አንድ ላይ የሚሰረዙ የዳታቤዝ ሥራዎች ናቸው። የመስመሯ ጥቅም ግልጽ ነው። አንዱ ቴስት ያስገባው ውሂብ ሌላውን አይበክልም፤ ዳታቤዙን በየጊዜው እንደገና መፍጠርም አያስፈልግም። ልጅቱም ተሟገተችላት።

«መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩን!»

«አስተምሬያለሁ። ግን መቼ ነው የሚጸድቀው?»

ፖስትግሬስ አንዳንድ ግዴታዎችን ትራንዛክሽኑ እስኪጸድቅ ድረስ አቆይቶ እንዲመረምር ሊታዘዝ ይችላል። ለምሳሌ አንድ የመድኃኒት ርክክብ ከገቢና ከወጪ መዝገቡ ጋር እኩል መሆኑ የሚረጋገጠው ሁሉም መስመር ከገባ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው። ቴስቱ ግን መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ሁሉንም ይሰርዛል። ስለዚህ ምርመራው አይካሄድም። የተበላሸው መዝገብ ሳይታይ ያልፋል፤ መስመሩ አረንጓዴ ይሆናል። ረዳቱ የታዘዘውን በትክክል ስለፈጸመ ነው ስሕተቱ የተደበቀው። መስመሯ አልተሰረዘችም፤ ልዩ ሁኔታ ተጨመረላት፦ «ግዴታው በማጽደቅ ጊዜ የሚመረመር ከሆነ ቴስቱ በእርግጥ ያጽድቅ፣ ከዚያ ሰንጠረዡን ያጽዳ።»

ሁለተኛው ጉድ ከዚሁ የመጣ ነው። መድኃኒት ቤቱ ሁለት መስኮት አለው እንበል፤ መደርደሪያው ላይ የቀረው አንድ ፓኬት ነው። ሁለቱም መስኮቶች በአንድ ጊዜ «ስንት ቀረ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለሁለቱም «1» ይመጣላቸዋል። ሁለቱም ይሸጣሉ፣ ሁለቱም «0» ብለው ይመዘግባሉ። መዝገቡ ላይ ምንም ጉድለት አይታይም፤ ጉድለቱ በመደርደሪያው ላይና ባዶ እጁን በሚመለሰው ሰው ላይ ነው። በአንድ ግንኙነት፣ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ የተጻፈ ቴስት ይህን ሊያየው አይችልም፤ ለመጋጨት ሁለት ያስፈልጋልና። ረዳቱ መመሪያው ሳይነግረው ሁለት ግንኙነት ከፍቶ አልሞከረም። «ቀሪ ሒሳብ የሚቀንስ ማንኛውም ነገር በሁለት ግንኙነት፣ እኩል አስነሥተህ ይፈተን» ተብሎ ሲጻፍለት ግን ስሕተቱን አገኘው። መፍትሔውንም አመጣ፤ ቅነሳውን ዳታቤዙ ራሱ እንዲያሰላና ከዜሮ በታች እንዳይወርድ መከልከል።

መምህሩ ይህን ለክፍል ሲያስተምር የሚጠቅሳት ሌሊት አለች። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ መልእክት ተዛመተ፤ ኤቲኤሞች በሰልፍ ተጥለቀለቁ። ብሔራዊ ባንክ ምክንያቱ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ሲካሄድ የተፈጠረ የሲስተም ችግር መሆኑን ገለጸ፤ ንግድ ባንክም የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። በኋላ ያለ አግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ ተነገረ፤ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ እስከማድረግ ደረሰ። የባንኩ ችግርና የክሊኒኩ ፓኬት አንድ ዓይነት ናቸው አልልም። ተማሪዎቹ ግን «ቀሪ ሒሳብ» የሚለው ነገር የሚገባቸው ከመጽሐፉ ይልቅ በዚያች ሌሊት ነው። አንዳንዶቹ፣ ይላል መምህሩ፣ ከሚገባው በላይ ፈገግ ይላሉ።

ወደ ዘመን አቆጣጠሩ እንምጣ። ጳጉሜን ለፕሮግራመር ራስ ምታት መሆኗ የታወቀ ነው፤ እዚህ ግን ስለ ምዘና ያስተማረችው ሌላ ነገር ነው። ረዳቱ ቀን የሚቀይረውን ኮድም፣ ኮዱን የሚፈትነውንም ቴስት ጻፈ። ኮዱ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ቀሪ ከሌለው ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች ይላል። ቴስቱም «ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ትክክለኛ ቀን ነው» ብሎ ይጠይቃል፤ ኮዱ «አዎ» ይላል፤ አረንጓዴ። መምህሩም ልጅቱም ወዲያው እርግጠኛ አልነበሩም። በአጥሩ በኩል የሚያልፉ የኔታ ነበሩ።

«የኔታ፣ እንደምን ዋሉ? አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በ2015 ነበር ወይስ በ2016?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። 2015 ሉቃስ ነው፤ ስድስት የምትሆነው በሉቃስ መጨረሻ ነዋ! 2016 ዮሐንስ ነው፣ አምስት ናት።» ትንሽ ቆም አሉና «ምነው፣ ያ ያንቺ ኮምፒውተር ባሕረ ሐሳብ አልቆጠረም?» አሉ።

አልቆጠረም። ያነበበው አብዛኛው ጽሑፍ የፈረንጅ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ እዚያ ለአራት የሚካፈል ዓመት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ይጨምራል። በእኛ ግን ለአራት ተካፍሎ ሦስት የሚተርፈው ነው፤ 2011፣ 2015፣ 2019። በዚህ ኮድ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን ካርድ ሊወጣለት አይችልም፤ በ2016 ደግሞ ያልነበረ ቀን መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ወርኃዊ ሪፖርትም አለ። ጤና ሚኒስቴር ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሲስተም የኢትዮጵያን ወራት ያውቃል፤ ከክሊኒኩ የሚወጣው ቁጥር ከእሱ ጋር መግጠም አለበት።

ዋናው ነጥብ ኮዱ መሳሳቱ አይደለም። ኮዱና ቴስቱ ከአንድ ጭንቅላት ሲወጡ አንድ ዓይነት ስሕተት ይዘው ይስማማሉ፤ የዚህ ስምምነት ውጤት አረንጓዴ ነው። መመሪያው ውስጥ «ዘመን አቆጣጠርን በደንብ ፈትሽ» ተብሎ ቢጻፍ ረዳቱ ያንኑ የተሳሳተ ጥያቄ አብዝቶ ይጽፋል እንጂ አይታረምም፤ ሞክረውታልም። የሠራው ሌላ ነው፦ «የሚጠበቀውን መልስ ከኮዱ አታስላ፤ ከዚህ ሰንጠረዥ ውሰድ።» ሰንጠረዡ አጭር ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ውድቅ ይደረግ። እነዚህን የኔታም፣ የግድግዳ ካላንደርም ያረጋግጧቸዋል፤ ማሽኑ አይነካቸውም።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ረዳቱ ለሙከራ የፈጠራቸው በሽተኞች የቤተሰብ ስም ነበራቸው፤ እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ነው። ስልክ ቁጥር በ09 ካልጀመረ አይቀበልም ነበር፤ ሳፋሪኮም ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ 07 ሲያድል ኖሯል። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ሴት «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ ስለማትገኝ ሁለተኛ ካርድ ይወጣላታል፤ ሁለት ካርድ ማለት ደግሞ ሐኪሙ የማያየው የመድኃኒት አለርጂ ማለት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ በስማቸው፣ ከነምሳሌያቸው መመሪያው ውስጥ ሲገቡ ረዳቱ ያዛቸው። በአጠቃላይ አነጋገር ሲነገረው አልያዛቸውም።

ምሳሌ የማይፈታው ነገርም አለ። ረዳቱ ቴስት ሲወድቅበት ኮዱን ከማረም ይልቅ ቴስቱን ሊያለዝበው፣ ወይም ኮዱ ለዚያ ቴስት ብቻ እንዲያልፍ ሊያደርገው ይችላል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2025 ክሎድ 3.7 ሶኔትን ሲያወጣ ሞዴሉ አልፎ አልፎ እንዲህ እንደሚያደርግ ራሱ ገልጿል። ስለዚህ «የወደቀ ቴስት አትንካ፤ ለምን እንደወደቀ ጻፍ» የሚል መስመር ገባ። ይረዳል። ግን መመሪያ ልመና ነው፤ ቁልፍ አይደለም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጄሰን ሌምኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት ሬፕሊት በተባለ ኩባንያ የኮድ ረዳት ሲሠራ፣ ምንም ነገር እንዳይነካ ደጋግሞ አዝዞት እያለ፣ ረዳቱ ከ1,200 በላይ የኩባንያ ኃላፊዎች መረጃ የነበረበትን በሥራ ላይ ያለ ዳታቤዝ አጠፋው። ሊመለስ አይችልም ብሎም ነገረው፤ መመለስ ግን ይቻል ነበር፣ ተመለሰም። የሬፕሊት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ይቅርታ ጠይቆ የመሥሪያውና የእውነተኛው ዳታቤዝ እንዲለያዩ እንደሚያደርግ አስታወቀ።

ስለዚህ ሁለቱ ከመመሪያው አንድ አንቀጽ ቆርጠው አወጡ፤ «እውነተኛውን ዳታቤዝ አትንካ» የሚለውን። በምትኩ ረዳቱ የሚገባበት የይለፍ ቃል የቴስቱን ዳታቤዝ ብቻ እንዲከፍት አደረጉ። የበሽተኞችን መዝገብ ቀድቶ ለሙከራ መጠቀምም በዚሁ ተዘጋ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በጥብቅ ከሚጠበቁት መድቦታል፤ ረዳቱ ያነበበው ሁሉ ደግሞ ባሕር ማዶ ወዳለ ሰርቨር ነው የሚሄደው። ለቴስት የሚሆኑት በሽተኞች ሁሉ የፈጠራ ናቸው።

ከመጻሕፍት የተቀዳ አንድ ምክር ደግሞ አካባቢው ራሱ ጣለው። ለቴስት አዲስ ፖስትግሬስ ዶከር በተባለው መሣሪያ ማስነሣት ዛሬ የሚመከር ነው። ከኢንተርኔት የሚወርደው ፋይል ግን ከባድ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ ያየ ሰው ሥራውን በሚወርድ ፋይል ላይ አይመሠርትም። ፖስትግሬስ ላፕቶፑ ላይ ተጫነ፤ ቴስቶቹ ረዳቱም ኢንተርኔቱም በሌለበት እንዲሮጡ ተደረገ። መብራት ሲጠፋ እንኳ ባትሪው እስካለ ይሠራሉ።

አሁን ያልተስማሙበት የመመሪያው ቋንቋ ነው። መምህሩ እንግሊዝኛ ይሁን ይላል። ሞዴሎች የግዕዝን ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ብዙ ቦታ ቆራርጠው ስለሚያነቡት፣ ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ የበለጠ ቦታ ይወስዳል። ልጅቱ የዘመን አቆጣጠሩና የስሙ ክፍል በአማርኛ ካልሆነ አልስማማም አለች። ምክንያቷ ሞዴሉ ሳይሆን የክሊኒኩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነች። ቀኑን ሙሉ ካርድ የምታወጣው ሠራተኛዋ ናት፤ እንግሊዝኛ ከሆነ ግን አታነበውም።

አማርኛውን አትማ ወሰደችላት። ሴትዮዋ ወረፋ እያስተናገደች፣ ቆማ አነበበችው። ስለ ጳጉሜን የተጻፈው ላይ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ «እያንዳንዱ በሽተኛ የትውልድ ቀን አለው» የሚለው ላይ ጣቷን አስቀመጠች።

«እታለም፣ ከፋርጣ ገጠር የሚመጡት እማሆይ የትውልድ ቀን ከየት ያመጣሉ? ሰባ ይሆነኛል ነው የሚሉኝ። እኔም ሰባ እላለሁ።»

ሲስተሙ የትውልድ ቀን ካልተሞላ ካርድ አያወጣም ነበር። ከቀበሯቸው ስሕተቶች መካከል ይህ አልነበረበትም፤ ሁለቱም ስሕተት መሆኑን አላወቁም ነበርና። ልጅቱ እዚያው ባንኮኒው ላይ ላፕቶፗን ከፈተችና ዕድሜ በግምት የሚያዝበት ዓምድ ከመጨመሯ በፊት፣ ለእሱ የሚሆነውን ቴስት ጽፋ አስኬደችው። ቀይ ሆነ።